ባሮን ታንኳ ሳልነካ

ከመቱ መነኸሪያ

ቅዳሜ ማለዳ ከመቱ ስነሳ ጉዳዬ አንድ ብቻ ነበር፤ ታንኳ ሳልነካ ባሮን በዋና መሻገር። ዓምና በዚሁ የጋምቤላ የጎልማሶች ውድድር መሃል ውሃ ላይ ደክሞኝ የነፍስ አድኗን ታንኳ ይዣለሁ። ታንኳ የነካ ደግሞ ከውድድሩ ይወጣል። ባለቤቴ ዓመቱን ሙሉ «ታንኳዋ ደህና ናት?» እያለ ሲያሾፍብኝ ከረመ። ሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ አስተማሪ ነኝ፤ ዋና የጀመርኩት ጉልበቴን ሲያመኝ ሐኪም አዞኝ ነው። በዚህ ዕድሜ መሸነፍ አያሳፍርም ይሉኛል። እኔን ግን አንገብግቦኛል።

ቁልቁለቱ

ሚኒባሱ ጎሬን አልፎ ቡሬ ላይ ለቁርስ ቆመ። ፍርፍሬን በልቼ ተሳፈርኩ። ከዚያ መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ ደኑ ይሳሳል፣ አየሩ ይሞቃል። መጀመሪያ ነጠላዬን፣ ቀጥሎ ሹራቤን አወለቅሁ። የባሮ ድልድይ ሲታየኝ በመስኮት ታንኳ ፈለግሁ።

ኒውላንድ

ያደርኩት ጋምቤላ ከተማ፣ ኒውላንድ ሰፈር፣ ወዳጄ ኛማል ቤት ነው። ኛማል የጨርቅ ነጋዴ ናት፤ ማታር የምትባል የባሮ ዳር ከተማ ተወልዳ ወንዙን እየተሻገረች ነው ያደገችው። የተጠበሰ ዓሣና የበቆሎ ገንፎ አቀረበችልኝ።

«ቲቸር፣ ባለፈው ከውሃ ጋር ተጣላሽ» አለችኝ። «አትጣዪ። ሲደክምሽ በጀርባ ተኚ። ውሃ ይወስድሻል፣ አንቺ ቀስ ብለሽ ወደ ዳር።»

«የት ነው የሚወስደኝ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! ብቻ ሱዳን አያደርስሽም።»

እሑድ፣ ባሮ ዳር

ውድድሩ የሚጀመረው ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ነው። ዓሣ አጥማጆች አዞ እንዳይኖር ከማለዳ ጀምረው ቦታውን ሲፈትሹ ነበር። ደንቡን እወደዋለሁ፤ ታላቅ ይቀድማል። በዕድሜ የገፋው መጀመሪያ ይገባል፣ ታናሹ ተራውን ይጠብቃል፣ ማዶውን ቀድሞ የረገጠ ያሸንፋል። ታዲያ በዓመት አንድ ቀን ሁሉም ሰው ማርጀት ይፈልጋል። ፀጉሩን ቀለም የሚቀባ አንድ የማውቀው የቢሮ ሠራተኛ እንኳ ሽበቱን ለቆት መጣ።

ጡረተኛው ሾፌር አቶ ኦጁሉ ቀድሞ ሊገባ ሲል ኛማል ክንዱን ያዘችው።

«እኔ ታላቅህ ነኝ!»

«አንቺ? ድልድዩ ሲሠራ እኔ ሲሚንቶ ተሸክሜያለሁ።»

«እኔ ያን ጊዜ ልጅ አዝያለሁ!»

ዳኛው ሳቁን መያዝ አቅቶት ሁለቱንም አብሮ አስገባቸው።

መሃል ውሃ

ተራዬ ደርሶ ገባሁ። መጀመሪያ ላይ ጥሩ ሄድኩ። መሃል ስደርስ ግን እንደ ዓምናው ክንዴ ዛለ። ከኋላዬ የገቡት ታናሾቼ ውሃ እየረጩብኝ አለፉ። ታንኳዋ አጠገቤ መጣች፤ ቀዛፊው ኦሞድ እጁን ዘረጋ።

«እማማ፣ ያዙኝ!»

እጄ ወደ እሱ ሄዶ ነበር። መለስኩት።

«ሂድ! ራቅ በልልኝ!»

በጀርባዬ ተኛሁ። ባሮ ይዞኝ ወረደ። ፈራሁ፣ አልዋሽም። ኦሞድ በርቀት እየቀዘፈ ተከተለኝ። ትንፋሼ ሲመለስ እግሬን እያራገብኩ ወደ ዳር ተጠጋሁ፤ ደግሞ አረፍኩ፣ ደግሞ ዋኘሁ። ድንገት እግሬ አሸዋ ነካ።

የወጣሁት ከመድረሻው በጣም ርቆ፣ ባጃጅ የሚታጠብበት ቦታ ነው። አንድ ሾፌር ጨርቁን እንደያዘ ፈዞ ቀረ።

«ማዘር፣ ከየት መጡ?»

«ከማዶ!»

አረፋው ያልታጠበለት ባጃጅ ላይ ጭኖ፣ ጡሩምባውን እያስጮኸ መድረሻው ድረስ ወሰደኝ። ሂሳብ ልክፈል ስለው እንቢ አለ። ሰዉ ሳይበተን እየጠበቀኝ ነበር። ያሸነፈችው ኛማል ሜዳሊያዋን አንገቷ ላይ እንዳደረገች ሮጣ መጣች።

«ታንኳ ነካሽ?»

እኔ ከመመለሴ በፊት ኦሞድ ከውሃው ላይ ጮኸ፤ «አልነኩም! እንዲያውም አባረሩኝ!»

ዳኛው እጄን ይዞ ወደ ላይ አነሳው። ኛማል እልል አለች፣ እኔም እልል አልኩ፣ እያለቀስኩ።

መቱ

ሰኞ ዳገቱን ስወጣ ሹራቤን መልሼ ለበስኩ። መሃል ውሃ ላይ ማረፍ መሸነፍ እንዳልሆነ የተማርኩት በዚህ ጉዞ ነው። እስከዛሬ ከደከመኝ ያበቃልኝ ይመስለኝ ነበር።

ባለቤቴ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

«ስንተኛ ሆንሽ?»

«መጨረሻ» አልኩት ደረቴን ነፍቼ።

ሳቀ። «ታንኳዋስ?»

«ስትከተለኝ ነበር።»