የኖክዋካ ቀይ ሸሚዝ

በመንደራችን ቀይ ሸሚዝ የለበሰች ሴት ሁሉ ኖክዋካን ታውቃታለች፤ የሰፋችላት እሷ ናትና። እኛ ሐሙስ ሐሙስ ለጸሎት የምንሰበሰብ እናቶች ቀይ ሸሚዝ በጥቁር ጉርድ እንለብሳለን። እሷ ግን ሃያ ዓመት ስትሰፋ አንድም ቀን አልለበሰችም። ለራሷ የሰፋችውን ሳጥን ውስጥ አስቀምጣ ዓመታት አለፉ። ምክንያቱ ምላሷ ነው። እኔን ስትለካ፣ "ሲሲ፣ እህቴ፣ ጨርቁ አለቀ፣ አንቺ ግን ገና ነሽ!" ያለችኝ አሁንም ያንገበግበኛል።

ባሏ ከሞተ በኋላ፣ "እኔንም አልብሱኝ" ብላ መጣች። ሸሚዙ ዝም ብሎ አይሰጥም። ፈላጊዋ ዓመት ሙሉ በለቅሶ ቤት ድስት ታጥባለች፣ በሽተኛ ትጠይቃለች። በመጨረሻ አገልግሎቷን ያየ ሰው በጉባኤ ፊት ተነሥቶ ይመሰክርላታል። ምስክር ከሌለ ሸሚዝ የለም።

መሪያችን ማራዴቤ፣ "ሦስት ወር ታታ ምኮንቶን ጠይቂ" ስትላት እርስ በርስ ተያይተን ሳቅን። ታታ፣ ማለትም አባባ፣ የምንለው ምኮንቶ ወርቅ ሲቆፍር ኖሮ ሁለት እግሩ የከዳው፣ ቤተ ክርስቲያን ረግጦ የማያውቅ፣ ጠያቂ በከዘራ የሚያባርር ሽማግሌ ነው። እኩያዋን አገኘች አልን። አጥራችን አንድ ስለሆነ የመጀመሪያውን ቀን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

"ውጪልኝ! ጸሎትሽን ለፍየሎቹ ጸልዪላቸው!"

"ማን ሊጸልይልህ መጣ፣ ታታ? እግርህ እስከ መንገድ ይሸታል። ቁጭ በልና ልጠበው!"

"ቁጭ ከማለት ሌላ ምን ሥራ አለኝ፣ አንቺ ዕውር!"

ትንሽ ቆይቶ ውሃ ሲንቦጫረቅ ሰማሁ።

ሦስት ወሩ አለቀ፤ እሷ ግን መመላለሷን አልተወችም። በአጥር በኩል፣ "ሲሲ፣ ቀንሽ አልፏል እኮ" አልኳት።

"አውቃለሁ። መጀመሪያ ለሸሚዙ ብዬ ነበር። ድሮ የምጸልየው ሰው እንዲሰማኝ ነበር፤ አሁን እግሩን ሳጥብ በልቤ እጸልያለሁ፣ ሸሚዙም ትዝ አይለኝም። ለማንም እንዳትነግሪ።"

አልነገርኩም። ቂም ለያዘ ሰው እንዲህ ያለ ምስጢር መጠበቅ ቀላል ነው።

የማልበሻው እሁድ ደረሰ። ኖክዋካ ሸሚዟን ክንዷ ላይ አጥፋ ፊታችን ቆመች። ማራዴቤ፣ "ለዚህች እህት ማን ይመሰክራል?" አለች። ማንም አልተነሣም። ሁላችንንም አንድ ቀን በምላሷ ወግታናለች። እኔ ሁሉን አውቃለሁ፤ ግን ያ የጨርቅ ነገር አንደበቴን ያዘው።

"ይገባኛል" አለችና ልትመለስ ዞረች።

በዚህ መሃል የእጅ ጋሪ ሲጢጥ ሲጢጥ እያለ በበሩ ገባ። ታታ ምኮንቶ ኮቱን ቆልፎ ጋሪው ውስጥ ተቀምጧል። የሚገፋው የመንደራችን አለቃ ራሱ ነው፣ ላብ በላብ ሆኖ።

"ምስክር ያስፈልጋታል ሲሉ ሰምቼ ነው" አለ ሽማግሌው። "ጣሪያው ካልወደቀብኝ ልናገር። ይህች ሴት ዓመት ሙሉ እግሬን አጥባለች። እያጠበች ትሰድበኛለች፣ እኔም እሰድባታለሁ። አንድም ቀን ግን አፍንጫዋን አልያዘችም። አምላካችሁን አላውቀውም። እሷን የላካት እሱ ከሆነ ግን፣ እሱ እግሬን ያውቀዋል።"

እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ተነሣሁ። "እኔም ምስክር ነኝ። ሁሉን ሰምቼ በቂም ዝም ያልኩ እኔ ነኝ" አልኩ። ከኋላዬ ወንበሮች ተንኳኩ፤ ሁሉም ተነሡ።

ማራዴቤ አለበሰቻት። ያ ሸሚዝ የተሰፋው ከስንት ዓመት በፊት ነው! ቁልፉ አልደርስ አለ። አላስቻለኝም፦

"ሲሲ፣ ጨርቁ አለቀ፣ አንቺ ግን ገና ነሽ!"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉ አብልጣ የሳቀችው እሷ ናት፤ እንባዋ እስኪወርድ።

ከዚያ አለቃውን ገለል አድርጋ፣ ሸሚዟ ሳይቆለፍ ጋሪውን መግፋት ጀመረች። በሩ ላይ ዞር አለችና፣ "ሲሲ፣ ነገ ውሃውን አንቺ አሙቂ" አለችኝ።

አሞቅኩ።