ሌሎችም የማይባልበት ግብዣ

ጋሽ አባይነህን ዲጄ ብሎ የጠራው ሰው ቀኑን ሙሉ ኩርፊያ ይጠብቀዋል። እኔ እፀገነት፣ ቴክኒሻኑ ሆኜ ከስቱዲዮው መስታወት ማዶ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስለተቀመጥኩ ኩርፊያውን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። ዲጄ ዘፈን ነው የሚያጫውተው፣ እኔ ሰው ነው የማገናኘው ይላል። እንዲህ ሲል ትንሽ ይኮራል፤ ያምርበታል።

የራዲዮ ጣቢያችን ከቸርችል ጎዳና አናት፣ ፒያሳ፣ ደረጃው በሚያስለከልክ አሮጌ ፎቅ ላይ ነው። የምናሰራጨው በመካከለኛ ሞገድ ስለሆነ የከተማው ወጣት መኖራችንንም አያውቅ፤ አድማጫችን ገጠር ነው። እሁድ ከሰዓት በኋላ የጋሽ አባይነህ የዘፈን ግብዣ ይቀርባል። ድሮ በደብዳቤ፣ አሁን በስልክ መልእክት፣ ሰው ዘፈን መርጦ የሚጋብዛቸውን ዘመዶቹን በስም ይዘረዝራል። እናት፣ አጎት፣ አማች፣ ጊደር የምትጠብቅለት ጎረቤት ሳትቀር። እሱም አንድ ሳያስቀር ያነባል። አንዳንዴ ስሙ ከዘፈኑ ይረዝምና እኔ ከማዶ በእጄ ሰዓቴን እየመታሁ አሳየዋለሁ። ዞር ብሎም አያየኝ። በሠላሳ አንድ ዓመት የስንቱን ሰው ስም እንደጠራ እንጃ፤ የእሱን ስም ከተጋባዥ ያስገባ ግን አላየሁም።

ዘንድሮ አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣልን፤ አማኑ ይባላል። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ሰከንድ መቁጠር ይወዳል እንጂ። ለአንድ መልእክት አምስት ስም ብቻ ይነበብ፣ ከዚያ በኋላ «ሌሎችም» ይባል ብሎ ወሰነ። ጋሽ አባይነህ ሁለት እሁድ አኮረፈ፤ በሦስተኛው ታዘዘ። ሦስተኛው እሁድ ደግሞ የአረፋ በዓል ዋለበት።

ያን ቀን ሸፊቃ መልእክት ልካለች። ሸፊቃ ከፎቃችን ሥር ለዓመታት ጫማ ስትሸጥ የኖረች ናት፤ ሱቋ ተነስቶ ወደ አምስት ኪሎ የምትዛወርበት ሳምንት ስለነበር ለመጀመሪያ ጊዜ አረፋን አገር ቤት ሳትገባ ቀረች። በምትኩ መንዙማ መርጣ፣ ከቡታጅራ ወዲያ ላለው ቤተሰቧ አሥራ አንድ ስም ዘረዘረች። አባቷን አቶ ኢልያስን፣ እንደ ልማዷ፣ «ከሁሉም በላይ» ብላ ያስቀመጠቻቸው መጨረሻ ላይ ነው። ጋሽ አባይነህ ይህን ልማዷን ያውቃል። ያውቃል፣ ግን አምስት ስም አነበበና «ሌሎችም» አለ። እኔም ጎበዝ ብዬ አውራ ጣቴን አሳየሁት። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ማክሰኞ ሸፊቃ ደረጃውን ወጥታ መጣች። ለካ አባቷ ለበዓል ጎረቤቱን ሁሉ ሰብስበው ራዲዮኑን መሀል አድርገው ነበር። የወንድሞቿ ስም ተጠራ፣ የምራትም ተጠራ፣ የእሳቸው ቀረ። ከዚያን ቀን ወዲህ ስልኳን አያነሱም።

«ጋሽ አባይነህ፣ በሰው ፊት አባቴን ሌላ አደረጉብኝ» አለችው።

ደውሎ ይቅርታ ሊጠይቃቸው ሞከረ። ታናሽ ወንድሟ አንስቶ፣ አባቴ እንሰት ማሳ ወርደዋል አለ፤ የሽማግሌው ሳል ግን ከአጠገቡ ይሰማል። በራዲዮ የደረሰ ቅሬታ በራዲዮ ካልሆነ እንደማይሽር ሁላችንም ገባን። የቀረን ደግሞ አንድ እሁድ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ኤፍ ኤም እንዛወራለን፤ ኤፍ ኤሙ እሳቸው መንደር አይደርስም። ጋሽ አባይነህ አማኑን ሄዶ ለመነው። አማኑ ማረሚያ ማንበብ እንደሚቻል፣ ከአምስት ስም በላይ ግን ለማንም እንደማይፈቀድ ነገረው። ከቢሮው ሲወጣ ያዝናል ስል ፈገግ ብሎ ሸፊቃ ዘንድ ደወለ።

እሁድ ደረሰ። ጋሽ አባይነህ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ባለፈው እሁድ የወይዘሮ ሸፊቃን ግብዣ የቆረጥኩት እኔ ነኝ፣ ልጅቱ አልረሳችም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አለ። ቀጥሎ ከደብተሩ በቀስታ አነበበ።

«ይህ መንዙማ ለኢልያስ፣ የየሲን ልጅ፣ የአቡበከር ልጅ፣ የሙዓዝ ልጅ፣ የሁሴን ልጅ።»

አምስት ስም፣ አንድ ሰው። አማኑ በሩ ላይ ቆሞ በጣቱ ሲቆጥር አየሁት። አምስተኛው ላይ ቆመ፤ ሳቁን መያዝ አቅቶት ሄደ። እኔ ደስ ብሎኝ እንባዬ መጣ።

መንዙማው አልቆ ሌሎች ግብዣዎች ተነበቡ። ሊዘጋ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ስልኬ ጮኸች። የሸፊቃ ወንድም ነው፤ አባቱ ከጎኑ ሆነው እያጻፉት የላከው። የጉራጊኛ ዘፈን መርጠዋል፤ ለልጃቸው፣ ለባሏ፣ ለሁለቱ የልጅ ልጆቻቸው፤ መጨረሻ ላይ አምስተኛ ስምም አክለዋል። ወረቀት ላይ ገልብጬ ከመስታወቱ ሥር ባለችው ትንሽ መስኮት አቀበልኩት።

«ለሸፊቃ፣ ለባለቤቷ ለከድር፣ ለሀኒፋ፣ ለአስማ» ብሎ አነበበና ወረቀቱን አፍጥጦ አየው። ከዚያ ቶሎ ብሎ «እንዲሁም ለሌሎችም» አለ።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ድምፄ አየር ላይ ወጥቶ አያውቅም። የእኔን ማይክ ከፈትኩ።

«አድማጮቻችን፣ አንድ ስም ተዘሏል» አልኩ። «አምስተኛው ተጋባዥ አባይነህ ወልደሥላሴ ነው።»

ከመስታወቱ ማዶ መነጽሩን አውልቆ አንገቱን ደፋ። እኔም ዘፈኑን ለቀቅሁት።