የሽንፋ ጎጆዎች

መተማ ላይ የታሰርኩበት ክፍል የሰሊጥ መጋዘን ነበር። ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ አፍንጫ ይቀድማል፤ ቆርቆሮው በፀሐይ ሲግል ግድግዳው ሁሉ ዘይት ዘይት ይሸታል። ወሬዬ ቀድሞኝ ኖሮ፣ ከጥግ አንድ ሽማግሌ «ችካል ተካዩ መጣልን» አሉ።

እውነታቸውን ነው። በደርግ ጊዜ ሽንፋ አካባቢ ለመንግሥት እርሻ መሬት የምለካ ረዳት ቀያሽ ነበርኩ። በእኛ መሥሪያ ቤት አንድ ረዳት የቀያሽነት ፈቃድ የሚያገኘው ብቻውን አንድ መሬት ዙሪያውን ለክቶ ሲያስረክብ ነው፤ ወደ ተነሳበት ችካል ሲመለስ መስመሩ ከገጠመለት ይፈረምለታል። የእኔ ገጥሟል። ችግሩ መስመሩ ውስጥ የገበሬ ጎጆዎች መኖራቸው ነበር። የአካባቢው ካድሬ ከካርታው አውጣቸው፣ መሬቱ ሰው አልሰፈረበትም አለኝ። እምቢ ስል ፀረ አብዮተኛ ሆንኩ። ሽማግሌው ደግሞ የታሰሩት ያንኑ ችካሌን ነቅለው ነው።

ረፋዱን ሙሉ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ተቀመጡ። ከሰዓት ግን አላስቻላቸውም።

«ያን ባለሦስት እግር መነጽርህን ተክለህ ስታይ፣ ቤቴ አልታየህም?»

«ታይቶኛል አባባ። ስዬዋለሁ።»

«የታል?»

አቧራው ላይ በጣቴ ሳልኩላቸው፤ ወንዙን፣ መንገዱን፣ ጎጆዎቹን። ጎንበስ ብለው ቤታቸውን ፈልገው አገኙ። ከዚያ የውኃ ጉድጓዴስ አሉ። በበጋ ከብት እንዳይገባበት በማሽላ አገዳ ይከድኑታል፤ እኛም የምንቀይሰው በበጋ ነው፣ በክረምት ያ ጥቁር አፈር መኪና አያሳልፍም። አላየሁትም ነበር።

«እኔ ነኝ የቆፈርሁት» አሉ። «አውሬ አይዶለም።»

በማግስቱ ካድሬው አስጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ የእኔው ካርታ፣ ጎጆዎቹ ተወግደው፣ በንጹሕ ወረቀት ላይ ተቀድቶ ተዘርግቷል። ከፈረምክ ዛሬውኑ ትወጣለህ፣ ፈቃድህም ይሰጥሃል አለኝ። ያን ፈቃድ እንዴት እመኘው እንደነበር እኔ አውቃለሁ። ፈርቼም ነበር። እስክሪብቶውን ተቀብዬ ጎጆዎቹን አንድ በአንድ ወደ ቦታቸው መለስኩ። ጉድጓዱንም ጨመርኩ። ከሥሩ ስሜን ጽፌ ፈረምኩ።

«ምንድን ነው ያደረግኸው?»

«ጨረስኩት፣ ጓድ።»

ፈቃዱን እርሳው ብሎ ወደ መጋዘኑ መለሰኝ። ሽማግሌው ሰሌናቸው ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ።

«ጉድጓዱስ?»

«አለበት።»

ራሳቸውን ነቀነቁና ፊታቸውን አዙረው ተኙ።

ሌላ ቀያሽ አምጥተው ካርታውን እንደፈለጉት እንዳሣሉት ከተፈታሁ በኋላ ሰማሁ። ፈቃዴን ያገኘሁት መንግሥት ከተለወጠ በኋላ፣ እንደ አዲስ ተፈትኜ ነው።

ዛሬ ጀማሪ ቀያሾች ሥራቸውን ለፊርማ ወደ እኔ ያመጣሉ። መስመሩ መግጠሙን ከማየቴ በፊት ቤቶቹን እፈልጋለሁ። ሜዳ ብቻ ካሳዩኝ፣ ሄዳችሁ ውኃ ከየት እንደሚቀዳ ጠይቁ ብዬ እመልሳቸዋለሁ። የሚመልስላቸው ሰው ካገኙ ካርታው አላለቀም።