የድራይ ሊክ እንግዶችና የዴልፊያ ማዕድ ቤት

ዴልፊያ ስቲድሃም በድራይ ሊክ መንደር ትምህርት ቤት ሃያ ዘጠኝ ዓመት የልጆች ምሳ አብስላለች። ከስድስቱ ምድጃዎች ሦስተኛው ቁልፉን በጉልበት ካልደገፉት እንደማይለኮስ የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። የመንደሩ የከሰል ማውጫ ተዘግቶ ሰዉ ሥራ ፍለጋ ሲበተን፣ የቀሩት አሥራ አንድ ተማሪዎች በአውቶቡስ ወደ ጎረቤት ከተማ ተወሰዱ። ትምህርት ቤቱ ባዶውን ቀረ። ዴልፊያ ግን ሰኞ ሰኞ እየገባች ማንም የማይቀመጥባቸውን ጠረጴዛዎች ትወለውል ነበር። ለምን እንደሆነ የጠየቃት ሰው የለም።

በሚያዝያ ወር ከወረዳው ደብዳቤ መጣ። ሕንፃው እስከ መስከረም ድረስ የሚሰጠው አገልግሎት ካልተገኘለት ይፈርሳል ይላል።

ከመንደሩ በላይ፣ በተራራው ጫፍ ጫፍ፣ ሰዎች ለመዝናናት ሻንጣ አዝለው ለወራት የሚጓዙበት ረጅም የእግር መንገድ ያልፋል። እንዲህ ባሉ መንገዶች አጠገብ ላሉ ትንንሽ መንደሮች ድጎማ የሚሰጥ ድርጅት እንዳለ ተሰማ። መንደርተኛው ተሰብስቦ መከረ። ድጎማው ከተገኘ ከተራራው እስከ ትምህርት ቤቱ የሚያወርድ መንገድ ይጠረጋል፤ ማዕድ ቤቱም ተከፍቶ ለመንገደኛ ምግብ ይሸጥበታል። ማመልከቻውን ማን ይሙላው ሲባል፣ ጽሑፏ ጥርት ያለ ነውና ለዴልፊያ ሰጧት። መጀመሪያ በእርሳስ ጽፋ፣ ኋላ በእስክሪብቶ ገልብጣ፣ ሦስት ቀን ፈጀባት።

በሰኔ መልሱ መጣ፤ አልተፈቀደም። መንደሩ ከመንገዱ ጥቅም እንደሚያገኝ አላስረዳም ነው ምክንያቱ። ጎረቤቷና የልጅነት ጓደኛዋ ዞላ ደብዳቤውን ከማመልከቻው ግልባጭ ጋር አስጠግታ በመነጽሯ ታየው ጀመር።

«'ከተራራው ወርደው በመንደራችሁ ምግብ የገዙ መንገደኞች በዓመት ስንት ናቸው?' ይላል ማመልከቻው። አንቺ ምን ብለሽ ጻፍሽ?»

«'ማንም አልገዛም' ነዋ።»

«ማንም አልገዛም! አንቺ ሴትዮ፣ ጤና የለሽም እንዴ? ያ ጢሙ ቁጥቋጦ የመሰለው ጎረምሳ ባለፈው ሐሙስ ሦስት ሳህን ቦሎቄ ጥርግ አድርጎ የበላው ማን ቤት ነው?»

«እኔ ቤት። እሱ ግን እንግዳ ነው፤ መቼ ገዛ?»

«እና ለድርጅቱ ይኼን መናገር አቃተሽ?»

«የጠየቁኝ ስለ ገዛ ሰው ነው። እንግዳ አበላሁ ብዬ በወረቀት ልኩራራ? አንቺስ ማንን አስከፍለሽ ታውቂያለሽ?»

ዞላም አስከፍላ አታውቅም። በድራይ ሊክ ከተራራ የወረደ ሰው ስሙን እንኳ ሳይጠየቅ ማዕድ ይቀርብለታል፤ ቦሎቄ፣ የበቆሎ ዳቦ፣ አንድ ብርጭቆ አሬራ። ከሳህን ሥር ገንዘብ ሸጉጦ የሚሄድ እንግዳ ሲያጋጥም ቤተሰቡ ያዝናል። የዴልፊያ ባል ሃርላን በሕይወት ሳለ አንዷን አምስት ዶላር ለመመለስ አሥራ ዘጠኝ ማይል ነድቶ ነበር።

«ቅሬታ ካላችሁ ነሐሴ ላይ በአካል ቀርባችሁ አስረዱ ይላል» አለች ዞላ ደብዳቤውን እያጠፈች። «ምን ይዘን ነው የምንሄደው? ሰዎቹ እንደበሉ ሆዳቸውን አናሳይ!»

ዴልፊያ ትንሽ አሰበችና ወደ መኝታ ክፍሏ ገባች። ስትመለስ ከአገጯ እስከ ጉልበቷ የተከመረ ብርድ ልብስ ታቅፋ ነበር። ሦስት ናቸው፤ ከሃርላን አሮጌ ሸሚዞች ቁርጥራጭ የተጣጣፉ። የአገሩ ሴቶች የወዳጅ ዘመድ ስም የሚጠልፉበት ዓይነት ነው። እሷ ግን ለእንግዳዋ ሁሉ፣ በልቶ ሲጨርስ፣ አንድ ቁራጭ ጨርቅና እርሳስ ትሰጠዋለች። ስሙንና አገሩን ይጽፋል። ክረምት ሲገባ እርሳሱን እየተከተለች በቀይ ክር ትጠልፈዋለች። ሰባት ክረምት እንዲህ አልፏል።

ዞላ አንዱን ዘርግታ ጥቂት ስም አነበበች። «ዴልፊያ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔ እኮ ይኼን ብርድ ልብስ ስትሰፊ አይቼሻለሁ። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ስም መስሎኝ!»

በነሐሴ፣ በወረዳው አዳራሽ፣ ሦስት የድርጅቱ ሰዎች ከረጅም ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠዋል፤ የድራይ ሊክ ሰውም በዘጠኝ መኪና መጥቷል። ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ፕሩዊት ትባላለች። ዴልፊያ ተነሳች፤ በሃያ ሰው ፊት እንኳ ቆማ ተናግራ አታውቅም።

«ባለፈው 'ማንም አልገዛም' ብለው ጽፈዋል» አለች ሰብሳቢዋ።

«አዎ። እውነት ነው።»

አዳራሹ ሳቀ። ዴልፊያ አልተቀመጠችም። የመጀመሪያውን ብርድ ልብስ በጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው፤ ከዚያ ሁለተኛውን፤ ሦስተኛው ጠረጴዛው ስላልበቃው ዞላና ሌላ ሰው ጫፍ ጫፉን ይዘው ቆሙ። ሳቁ ቀስ በቀስ ጠፋ። ከየስሙ አጠገብ ኦሃዮ፣ ሜይን፣ ጀርመን፣ ጃፓን ይላል። ሰብሳቢዋ ተነስታ በጣቷ እየተከተለች ማንበብ ጀመረች።

«አራት መቶ አሥራ ሁለት ናቸው» አለች ዴልፊያ። «ይሄ እኔ ቤት የበላው ብቻ ነው። ሌላው ጎረቤት ስም አያስጽፍም።»

«መክፈል የሚችሉ ሰዎች ናቸው?» ሲል አንደኛው ጠየቀ።

ዞላ የብርድ ልብሱን ጫፍ እንደያዘች ጮኸች። «ምን ያሉት ጥያቄ ነው ጌታዬ! እንክፈል ብለው እየለመኗት አሻፈረኝ ያለችው እሷ ናት!»

ወይዘሮ ፕሩዊት ፈገግ አለችና ወደ ዴልፊያ ዞረች። «ታዲያ ድጎማውን ብንሰጥ፣ እርስዎ ሰው አስከፍለው ምግብ መሸጥ ይሆንልዎታል?»

ይህን ጥያቄ ነበር ዴልፊያ ከሰኔ ጀምሮ የፈራችው። አይሆንልኝም ብትል ትምህርት ቤቱ ይፈርሳል፤ ይሆንልኛል ብትል ደግሞ ሃርላን አሥራ ዘጠኝ ማይል የነዳበትን ነገር መካድ መሰላት። የድራይ ሊክ ሰው ሁሉ ያያታል። በዓይነ ኅሊናዋ ምሳ የምታድልበትን የትምህርት ቤቱን ማዕድ ቤት መስኮት አየችው፤ ልጆች ተሰልፈው፣ በላብ የረጠበ ሳንቲማቸውን በመዳፏ ላይ ሲያስቀምጡ።

«በቤቴ የሚበላን ሰው እስክሞት አላስከፍልም» አለች፤ ድምፅዋ አሁን ጠንክሯል። «የትምህርት ቤቱ ማዕድ ቤት ግን ቤቴ አይደለም። እዚያ ሃያ ዘጠኝ ዓመት የምሳ ሳንቲም ስቀበል አንድ ቀን አላፈርኩም። ነገም አላፍርም።»

ሦስቱ ሰዎች ብዙም አልተንሾካሾኩም። ሰብሳቢዋ «ሙሉውን ፈቅደናል» ስትል የድራይ ሊክ ሰው ወንበሩን እየገለበጠ ተነሳ። ዞላ ብርድ ልብሱን ለቅቃ ዴልፊያን አቀፈቻት። ሲመለሱ ዘጠኝ መኪኖች ሸለቆውን በጡሩምባ አናጉት። ሁልጊዜ ከኋላ የምትቀመጠውን ዴልፊያን ከፊተኛው መኪና የፊት ወንበር ላይ አስቀመጧት።

«አክስቴ ዴልፊያ፣ ጩኸቱ በዛብሽ? ልተወው?» አለ ሾፌሩ።

«ቀስ ብለህ ንዳ እንጂ! በየበረንዳው ያላየን ሰው እንዳይኖር!»

በተከተለው ሚያዝያ አዲሱ መንገድ ተከፈተ። ገንዘብ መቀበያው ጋ ዞላ ተቀመጠች። ዴልፊያ ሦስተኛውን ምድጃ በጉልበቷ ደግፋ ለኮሰችው። ሰባት ሰዓት ላይ ሰልፉ ከበሩ አልፎ እስከ ድሮው የልጆች መጫወቻ ደርሶ ነበር፤ ከኋላ ያሉት ሳያልቅብን አይቀርም እያሉ ተነጋገሩ። ዴልፊያ ጭልፋዋን እንደያዘች ወጥታ ደረጃው ላይ ቆመች።

«አላለቀም!» ብላ ተጣራች፤ ድምፅዋ ተራራው ድረስ ተሰማ። «ሌላ ድስት ጥጃለሁ! ሻንጣችሁን አውርዱና ግቡ!»