ሁለተኛዋ ብልቃጥ

ሥራዬን አስረድቼው የገባው የመጀመሪያው ሰው እናቴ ናት። ሞለኪውላር ባዮሎጂ የሚለውን ቃል አንድም ቀን አስተካክላ ጠርታው አታውቅም፤ «ያ የልጄ ነገር» ነበር የምትለው። የማጠናው በሰውነታችን ህዋሶች ውስጥ ያለችን አንዲት ፕሮቲን ነው። ህዋስ እየተከፈለ ሲበዛ «በቃ፣ አሁን ቁም» የምትለው እሷ ናት። ይህን ለእናቴ በምን አፍ ልንገራት? እኛ ሸዋ ሮቢት ሽንኩርቱንም ማሾውንም የምናበቅለው በመስኖ ነው። ውሃው በተራ ይለቀቃል፤ ተራውን የሚያስከብረው ሰው የውሃ አባት ይባላል። አባቴ ለብዙ ዘመን የውሃ አባት ነበሩ። ስለዚህ አንድ ቀን ሽንኩርት እየለቀምን እንዲህ አልኳት፦

«እማዬ፣ በየህዋሱ ውስጥ አንድ የውሃ አባት አለ በይ። እሱ ከቦታው ከጠፋ ውሃው ያለ ተራ ይለቀቅና ማሳውን ያጥለቀልቀዋል። ካንሰር ማለት ይኸው ነው።»

«ታዲያ የት ሄዶ ነው?»

«እሱን ነው የምፈልገው።»

«ከዛፍ ሥር ተጋድሞ ጫቱን እየቃመ ይሆናላ!» ብላ አባቴን በጎን አየቻቸው። አባቴ አልሳቁም። እኔና እሷ ግን ሆዳችንን እስኪያመን ሳቅን።

በእኛ አገር ሩቅ ላለ ሰው ሕመም በስልክ አይነገርም። ያ ሰው ተማሪ ከሆነማ ጭራሽ አይታሰብም። «ልቡ ይከፈላል» ይባላል። እናቴ ጡቷ ላይ እብጠት ያገኘችው እኔ አዲስ አበባ የዶክትሬት ጥናቴን ለመጨረስ ስጣደፍ ነው። መጀመሪያ ለማንም ሳትናገር ከረመች። ሲብስባት ወንድሜን አስከትላ አዲስ አበባ መጣች፣ ሆስፒታል ተኛች፣ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፣ ዘመድ ቤት አገገመችና ተመለሰች። ያን ሁሉ ጊዜ ስደውል ወንድሜ «ካራቆሬ ገጠር እህቷ ጋ ናት፣ ኔትወርክ የለም» ይለኛል። እኔም አምናለሁ። የተኛችበት ሆስፒታል ከላብራቶሪዬ በእግር የሚደረስ ነበር። ካንሰር አጠናለሁ ብዬ በየስብሰባው የምናገረው እኔ፣ ቤታችን ካንሰር መግባቱን ያልሰማሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር እስከ ዛሬ በሁሉም እናደዳለሁ፤ በእሷም ጭምር።

ከዚያ ሆስፒታል በየጊዜው ናሙና ይመጣልን ነበር። ፈቃደኛ ከሆኑ ሕመምተኞች በቀዶ ሕክምና የወጣ ቁራጭ ሥጋ ነው፤ ስም የለውም፣ ቁጥር ብቻ ተለጥፎበታል። ህዋሶቹን ለይተን በሳህን ላይ ልናሳድጋቸው እንሞክራለን። አብዛኞቹ ይሞታሉ። ያን ሰሞን ከመጡት ግን አንደኛው እምቢ አለ። በየጠዋቱ ሳየው በዝቶ ይጠብቀኛል። ያቺ ፕሮቲንም በውስጡ አለች፤ ብቻ መቀመጥ ከሚገባት ከህዋሱ አስኳል ወጥታ ዳር ላይ ትታያለች። ለዓመታት ስፈልገው የነበረው ይህንን ነው። ከደስታዬ ብዛት አጠገቤ የነበረችውን ባልደረባዬን አቅፌ ዘለልኩ።

ሥራዬን እንደጨረስኩ ለእናቴ ደወልኩ። ያን ጊዜ ወደ ሸዋ ሮቢት ተመልሳለች።

«እማዬ፣ የውሃ አባቱን አገኘሁት!»

«የት ተገኘ?»

«እንዳልሽው ነው። ከቦታው ወጥቶ ዳር ላይ ተቀምጧል።»

ሳቀች፤ ሳቋ ግን አጭር ነበር። «ከማን ላይ አገኘሽው?» አለችኝ።

«የማን እንደሆነ አይነገረንም። ቁጥር ብቻ ነው ያለው።»

«ጠቀመሽ?»

«በጣም እንጂ!»

«አልሐምዱሊላህ» አለች። የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ፣ ሃሎ» አልኩ።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየችም። አዲስ አበባ የሚኖሩ የአገራችን ሰዎች ሦስት ሆነው ማለዳ በሬን አንኳኩ። «እናትሽን ትንሽ አሟታል፣ አብረን እንሂድ» አሉኝ። ለትንሽ ሕመም ሦስት ሽማግሌ በር አያንኳኳም። ጫማዬን ማሰር አቅቶኝ አንደኛው ጎንበስ ብለው አሰሩልኝ። ስንደርስ ተቀብራለች፤ በእኛ ደንብ ጀናዛ አይዘገይም።

ለቅሶው ሲቀንስ ልብሷን ለድሆች ልናወጣ ሳጥኗን ከፈትን። ከታች በሻሽ የተጠቀለለ ወረቀት አገኘሁ። የላብራቶሪያችን የስምምነት ቅጽ ነበር። ከግርጌው የአውራ ጣቷ አሻራ አለ፣ ከራስጌው ቁጥሩ። ያን ቁጥር በቃሌ አውቀዋለሁ፤ በየቀኑ በገዛ እጄ ስጽፈው ነው የከረምኩት። ወረቀቱን ለወንድሜ አሳየሁት።

ወንድሜ አቀርቅሮ ነገረኝ። «ነርሷ ‹ከሚወጣው ላይ ትንሽ ለምርምር እንውሰድ ወይ?› አለቻት። ‹ልጄ የምትሠራውን ነው?› ብላ ጠየቀች። ‹ሊሆን ይችላል እናቴ› ስትላት ‹እንግዲያው ውሰዱት› ብላ ጣቷን ሰጠች። ለአንቺ እንዳልነግርሽም አስማለችኝ።»

ያን የበረታ፣ አልሞትም ያለ ህዋስ ሳደንቀው ነበር። ባልደረባዬን አቅፌ የዘለልኩለት እሱ፣ እናቴን የገደላት ነው።

ለአባቴ ባልነግራቸው ይሻል ነበር ይሆናል። ግን መደባበቁ አንገሽግሾኝ ነበርና ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። በእኛ ዘንድ ከሰው ገላ የወጣ ነገር ይቀበራል እንጂ አይቀመጥም። አባቴ የዚክር መቁጠሪያቸውን ከእጃቸው አስቀመጡ።

«እናትሽ ጎድላ ነዋ የተቀበረችው?» አሉ።

«አባባ፣ ጥቂት ህዋስ እኮ ነው። በዓይን እንኳ አይታይም።»

«ጥቂቷም እሷ ናት። አምጫት።»

ቅጹ ቤተሰብ ናሙናውን መልሶ መጠየቅ ይችላል ይላል። አለቃዬ ነገሩን ሰምተው «የፈለግሽውን አድርጊ» አሉኝ። በማቀዝቀዣው ውስጥ የሷ የሆኑ ሁለት ብልቃጦች ነበሩ። አንደኛዋን አወጣሁ። ሁለተኛዋን ትንሽ አየኋትና በሩን ዘጋሁት። በእነዚያ ህዋሶች የጀመርኩት ሥራ አላለቀም ነበር፤ ይህ እውነት ነው። ከእናቴ ሕያው ሆኖ የቀረ ሌላ ነገር በዓለም ላይ አልነበረም፤ ይህም እውነት ነው። የትኛው እጄን እንደያዘው እስከ ዛሬ አላውቅም።

ብልቃጧን ደረቅ በረዶ በሞላው ሳጥን ይዤ በሚኒባስ ወረድኩ። የጣርማ በርን ዋሻ አልፈን ቁልቁለቱን ስንያያዘው ሙቀቱ እየበረታ፣ ከሳጥኑ ክዳን ነጭ ጭስ መውጣት ጀመረ። አጠገቤ የተቀመጡ ሴት አይተው «የከብት ክትባት ነው ልጄ?» አሉኝ። «አዎ እትዬ» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

አባቴ ከሰዓት በኋላ፣ የአስር ሶላት እንዳበቃ ወደ መቃብሯ ወሰዱኝ። በራስጌዋ በኩል ትንሽ ጉድጓድ ቆፍረዋል፤ ከከፈኗ የተረፈ ነጭ ጨርቅም ይዘዋል። ብልቃጧን መዳፋቸው ላይ አስቀምጠው «ይቺን ታህላለች?» አሉ። የትንሽ ጣት ጫፍ ታህላለች። በጨርቁ ጠቅልለው አስገቧት። ዱዓ አደረጉ። ከዚያ እጃቸው አፈሩ ላይ እንዳለ ቀና ብለው አዩኝ።

«ሁሉም ይኸው ነው?»

«አዎ አባባ።»

አባቴ የውሃ አባት ሳሉ፣ የሰው ተራ የሰረቀን ገበሬ የሚይዙት ማሳውን አይተው ሳይሆን ፊቱን አይተው ነበር። ረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ አፈሩን መለሱ።

በማግስቱ መናኸሪያ ድረስ ሸኙኝ። ሚኒባሱ እስኪሞላ በመስኮቱ በኩል ቆመው ስለ ማሾው ዋጋ፣ ስለ ሙቀቱ ሲያወሩኝ ቆዩ። ሾፌሩ ሞተሩን ሲያስነሳ ድንገት ጠየቁኝ።

«እዚያ ሥራ ቦታሽ መብራት ሲጠፋ ምን ታደርጋላችሁ?»

«ጄኔሬተር አለ።»

«ጄኔሬተሩስ እምቢ ቢል?»

«የሚጠብቅ ሰው አይጠፋም፤ በተራ እናድራለን።»

«ተራሽን እንዳታሳልፊ» አሉና ሚኒባሱን በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው ወደ ኋላ ተመለሱ።

ደብረ ሲና እስክንደርስ የአባት ምክር ብቻ መስሎኝ ነበር። ለተቀበረ ነገር መብራት ምን ያደርግለታል? አባቴ አውቀው ኖሯል። እንደ እናቴ እሳቸውም ለእኔ ብለው ዝም አሉ።