የእትዬ እንግዳወርቅ ምርቃት

እትዬ እንግዳወርቅ ቁጭ ማለት አይሆንላቸውም። አሜሪካ አገር ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ፣ ልጃቸው መዓዛ አፓርትመንት ከገቡ ጀምሮ ከመስኮት ወደ ማድቤት፣ ከማድቤት ወደ ሕፃኑ አልጋ ሲመላለሱ ይውላሉ። ዕድሜያቸውን የፈጁት ደብረ ማርቆስ ገበያ እህል ሲሰፍሩ ነው፤ ሥራ የፈታ እጅ ምን እንደሚደረግ አያውቁበትም። ደግነቱ የልጅ ልጃቸው ሚናስ አለላቸው።

መዓዛ የወሊድ ፈቃዷ አልቆ ጎረቤት ከተማ አሌክሳንድርያ ወዳለው መሥሪያ ቤቷ ከመመለሷ በፊት የዱቄት ወተቱን አበጣበጥ አሳየቻቸው።

“እማዬ፣ ማንኪያውን ሞልተሽ በቢላ ጀርባ ትጠርጊዋለሽ። ፎርሙላ በግምት አይሆንም፣ ኤግዛክት መሆን አለበት፣ ኦኬ?”

“እሺ” አሉ። ግን ያ ጠረጋ አንጀታቸውን አሳረረው። በእሳቸው ገበያ ወጉ የታወቀ ነው፤ ቁናው እስኪፈስ ይቆለላል፣ ከዚያ በላይ አንድ እፍኝ ምርቃት ጣል ይደረጋል። የቁና አፍ በእጁ የሚጠርግ ነጋዴ ስስታም ነው፣ ማንም ዞሮ አያየውም። ለባዳ ሲቆልሉ የኖሩ ሴት ለገዛ የልጅ ልጃቸው ሊጠርጉ? እንዴት ተደርጎ!

መዓዛ በሩን ዘግታ ስትወጣ ማንኪያውን ቆለሉት። ምርቃትም ጣል አደረጉበት።

ጥቂት ቀን ቆይቶ ሕፃኑ ይነጫነጭ ጀመር። ዳይፐሩ ደረቅ ሆኖ ይውላል፣ ከንፈሩም ተሰነጣጠቀ። እትዬ “ርቦት ነው” ብለው ክምሩን ይብስ ከፍ አደረጉት። አንድ ከሰዓት በኋላ ግን ልጁ ሰውነቱ እንደ እሳት ነደደ፤ ለቅሶውም ድምፅ አጣ። መዓዛ ከሥራ እንደገባች አፋፍሳው ወደ ሆስፒታል በረረች፣ እትዬም ነጠላቸውን እንደነገሩ ጣል አድርገው ተከተሉ።

ሐኪሟ በደሙ ውስጥ ያለው ጨው ከልክ ማለፉን ተናግራ ወተቱ እንዴት እንደሚበጠበጥ ጠየቀች። መዓዛ ሳታቅማማ “እንደተጻፈው” አለች። ከዚያ ወደ እናቷ ዞራ፣

“ኢንፌክሽን እንዳይሆን ቼክ ሊያደርጉት ነው። ከጀርባው በመርፌ ፈሳሽ ይወስዳሉ” አለቻቸው።

እትዬ ከግድግዳ ግድግዳ መመላለስ ያዙ። ቢናገሩ መዓዛ ዳግመኛ ልጁን አታምናቸውም፤ ያለ እሱ ደግሞ እዚህ አገር ምን ሥራ አላቸው? ዝም ቢሉ መርፌው አለ። ፈሩ፣ በጣም ፈሩ። ነርሷ ሚናስን በጎኑ አስተኝታ ስታጎብጠው ግን አላስቻላቸውም።

“እኔ ነኝ! ልጄ፣ አልጠረግሁትም። ቆልዬ ነው የሰጠሁት፣ ምርቃትም አለበት።”

“ዋት? ለምን እማዬ?”

“ስስታም እንዳልባል ነዋ።”

“ማነው የሚልሽ? ቤት ውስጥ ማንም የለም እኮ!”

“እሱ ያየኛል” አሉ ወደ ልጁ እያዩ።

ሐኪሟ ምን እንዳሉ ጠየቀች። መዓዛ እንባዋን እየጠረገች ያለችው ረጅም አልነበረም፤ “ቱ ማች”፣ በዝቷል፣ የሚለው ብቻ ለእትዬ ገባቸው። ሐኪሟ ጨው የበዛው ወተቱ ስለወፈረ መሆኑን አውቃ መርፌውን አስቀረች፤ በደም ሥሩ ቀስ እያለ በሚገባ ፈሳሽ የደሙ ጨው እንደሚወርድና ልጁ እንደሚድን ተናገረች። መዓዛ ይህንን አስረዳቻቸው።

እትዬ እንግዳወርቅ “ተመስገን” አሉ። በሕይወታቸው አበዛሽ ብሎ የከሰሳቸው ሰው ገጥሟቸው አያውቅም። ሚናስን ሊዳብሱት እጃቸውን ዘረጉ፤ ከዚያ መዓዛን አየት አደረጉና መልሰው ነጠላቸው ውስጥ ሸጎጡት።