ከሳጉሬ የመጡት ትሎች

በረኪና ሲሸተኝ የመሬት ትል ትዝ ይለኛል። ይህን ለሰው ስናገር ስለሚስቁብኝ መናገሩን ትቼው ነበር። ትናንት ግን የምሠራበት ጤና ጣቢያ ጽዳት ሠራተኛዋ ኮሪደሩን ስትወለውል ሽታው በበሩ ሥር ሾልኮ ገባና፣ የያዝኩትን ካርድ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ፈዝዤ ቀረሁ። ተራዋን የምትጠብቅ አንዲት እናት «ምነው ልጄ፣ አመመሽ እንዴ?» አለችኝ። ለእሷ ምን ብዬ ላስረዳት? ለእናንተ ግን ልንገራችሁ፤ ብትስቁም ግድ የለኝም።

አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። አባቴ ከሞተ ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ እናቴ ሌላ ሰው አገባች። ሰውየው ጎሚስታ ነው፤ ከምንኖርበት ከአሰላ ወደ ሳጉሬ በሚወስደው መንገድ ዳር ጎማ ይጠግናል። እጁ ሁልጊዜ ጥቁር ነበር፤ ልብሱ ሁልጊዜ ላስቲክ ላስቲክ ይሸታል። ቤታችን ሲገባ የያዘው አንድ ሻንጣና አንድ ባዶ የቀለም ባልዲ ብቻ ነው። ባልዲውን ሳይ ቤታችንን ሊቀባ መስሎኝ ነበር፤ ደስም ብሎኝ ነበር፣ ግድግዳው በጣም አርጅቶ ስለነበር።

ሊቀባ አልነበረም። በነጋታው ጠዋት ከሰል አቀጣጥሎ የብረት ዘንግ አጋለና ባልዲውን ይበሳው ጀመር፤ ጎኑንም፣ ቂጡንም፣ ቀዳዳ በቀዳዳ አደረገው። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ግቢውን ሞላው። እናቴ አፍንጫዋን በሻሿ ይዛ ወጣችና «ደህናውን ባልዲ ምን በደለህ?» አለችው። እሱ መልስ የሚሰጥ ሰው አይደለም። ሲስቅ እንኳ ድምፅ የለውም፤ ትከሻው ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው።

ከቤታችን ጀርባ ጠባብና ረጅም ጓሮ አለ። ጎመን ይተከልበታል፤ ጫፉ ላይ ደግሞ የአባቴ የኮክ ዛፍ አለ። አባቴ ችግኙን በጃኬቱ ጠቅልሎ፣ እንደ ሕፃን ታቅፎ ሲያመጣው አስታውሳለሁ። እሱ ከሞተ በኋላ ዛፉ ታመመ። ቅጠሉ ተጨማደደ፣ ቢጫ ሆነ፤ ፍሬው የብይ ያህል ሳይሞላ ይረግፋል። መሬቱ ደርቆ ከመጠንከሩ የተነሣ ውሃ ስናፈስበት ከላይ ከላዩ ይሸሻል እንጂ አይሰርግም። እኔ ግን በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስመለስ አፈስለት ነበር።

ሰውየው እዚያ ዛፍ አጠገብ ጉድጓድ ቆፍሮ ባልዲውን እስከ አንገቱ ቀበረው። ውስጡ የረጠበ ካርቶን ቀዳዶ አነጠፈ። ከቧንቧው ሥር፣ ሁልጊዜ እርጥብ ከሆነው ድንጋይ ስር፣ ጥቂት የመሬት ትሎች ከነአፈራቸው አፍሶ ጨመረ። ከዚያ የድንች ልጣጭ። ከአሮጌ የመኪና ጎማ ክብ ላስቲክ ቆርጦ ከደነውና ድንጋይ ጫነበት።

«ሰው ቆሻሻ ወደ ውጭ ያወጣል፤ አንተ ወደ ቤት ታስገባለህ?» አለች እናቴ።

«ቆሻሻ አይደለም፤ ምግባቸው ነው» አላት። አንድ የግብርና ባለሙያ ጎማውን ሲያስጠግን ነው አሉ የነገረው። «በቀዳዳው ይገባሉ፣ ይበላሉ፣ ይወጣሉ። ሲወጡ ደግሞ መሬቱን እየሰረሰሩለት፣ የበሉትን እየተዉለት ነው። ዓመት አይሞላም፣ ይሄ ድንጋይ የሆነ አፈር እንደ ዱቄት ይላል።»

ሕግም አወጣልን። የጎመን አገዳ፣ የድንች ልጣጭ፣ ያገለገለ የሻይ ቅጠልና የእንቁላል ቅርፊት ይገባል። ሽንኩርት አይወዱም፣ ሎሚ አይወዱም፣ በርበሬ የነካው ነገር በጭራሽ። እናቴ «ወላሂ ከአንተ በላይ መራጮች ናቸው» አለችው። ትከሻው ተንቀጠቀጠ።

እኔ አልሳቅኩም። «ጋሼ» እለዋለሁ፣ አንቱ እለዋለሁ፤ እናቴ በኩራት ጨዋ ልጅ አለችኝ ብላ ታወራለች። ጨዋነት አልነበረም። አንቱታ ጥሩ አጥር ነው፤ ማንም ሳይቆጣሽ ሰውን ከደጅ ታቆሚበታለሽ። ከሰዓት በኋላ ከሥራ ሲመለስ ገና እጁን ሳይታጠብ ወደ ጓሮ ሄዶ በአባቴ ዛፍ ሥር ቁጢጥ ሲል በኩሽናው መስኮት አየው ነበር። የአባቴን ዛፍ ሥሩን አበስብሶ ሊጥለው ነው ብዬ ከልቤ አምኛለሁ። ዛፉ ሲወድቅ ደግሞ በግቢው ውስጥ የአባቴ የሚባል ነገር አይኖርም።

ከዒድ በኋላ አክስቴ፣ የአባቴ እህት፣ ልትጠይቀን እንደምትመጣ ተነገረን። ምክንያት አገኘሁ። ባልዲው ይሸታል፣ አክስቴ ትታዘበናለች አልኩ ለራሴ። እውነቱን ለመናገር ባልዲው አይሸትም ነበር፤ ክዳኑ ሲነሣ የሚሸተው ዝናብ የመታው መሬት ነው። እናቴ ሱቅ እንደሄደች ከልብስ ማጠቢያው ጋ የበረኪናውን ጠርሙስ አነሣሁ። ላስቲኩን ገልጬ አፈሰስኩት፣ እስከ መጨረሻው ጠብታ።

ትሎቹ ወደ ላይ ወጡ። እዚያ ውስጥ ያን ያህል ብዙ እንደነበሩ አላውቅም ነበር። በባልዲው ግድግዳ ለመውጣት እየሞከሩ ይወድቃሉ፣ እንደገና ይሞክራሉ። ትል እንደማይጮህ አውቃለሁ፤ እኔ ግን ጆሮዬን ይዤ ነው ክዳኑን በእግሬ ገፍቼ የመለስኩት። ከዚያ ድንጋዩን ጭኜ ሮጥኩ።

አክስቴ መጣች፣ በላች፣ መረቀችን፣ ሄደች። ወደ ጓሮው ዞር ብላ እንኳ አላየችም።

ከአሱር ሶላት በኋላ ሰውየው ልጣጭ በሳህን ይዞ ወጣ። መስኮቱ ጋ ቆሜያለሁ። ክዳኑን አንሥቶ ቆመ። ቁጢጥ አለ። እጁን ሰደደና አወጣው፤ አሸተተው። ከዚያ ቀና ብሎ ወደ መስኮቱ ሲያይ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

እራት ላይ እናቴ «ምንድን ነው እጅህን እንዲህ የሚሸተው?» አለችው።

«በረኪና ነው» አላት። «ባልዲውን ላጥበው ብዬ ደፋሁበት። አለቁ።»

እናቴ መጀመሪያ አላመነችም። ከዚያ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «ሱብሃነላህ! ሰው ትሎቹን በበረኪና ያጥባል?» እሱም ሳቀ፣ በትከሻው። ወደ እኔ አላየም። እኔ ውሃ ላምጣ ብዬ ተነሣሁ።

እሑድ ጠዋት ጫማዬን ሳስር መጥቶ «ሳጉሬ እህቴ ጋ ልሄድ ነው፤ ባልዲ የሚይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁ» አለኝ። ብቻዬን አግኝቶ ሊቆጣኝ ነው ብዬ በፍርሃት ተከተልኩት። በመንገዱ ሁሉ ጠበቅኩት፤ ቃል አልተነፈሰም። የገብሱ ማሳ ነፋስ እየነካው ይተኛል፣ ይነሣል። የጭላሎ ተራራ ደመናውን እስከ ወገቡ ለብሷል። እሱ ያንን ያያል፣ እኔ የጫማዬን ጫፍ አያለሁ።

እህቱ ከደጅ «ኮቱ፣ ኮቱ!»፣ ነይ፣ ነይ እያለችኝ ተቀብላ ወደ ውስጥ ልታስገባን ብትጎትተንም እሱ መጀመሪያ ወደ በረቱ ጀርባ ወሰደኝ። የዓመታት ፍግ እዚያ ተከምሯል። በመንሽ ገለጥ ሲያደርገው ከውስጡ ሙቅ እንፋሎት ወጣ፤ በእንፋሎቱ ውስጥ ቀያይ ትሎች ይርመሰመሳሉ። በእጁ እያፈሰ ወደያዝኩት ባልዲ ጨመረ። ዝምታው ሲብስብኝ እኔው ጀመርኩ።

«ጋሼ፣ ዛፉ ቢደርቅ እርስዎን ምን ይጎዳዎታል?»

መንሹን አቆመ። «አባትሽ የተከለው አይደል?» አለኝ። «በእኔ ጊዜ ደረቀ እንዲባል አልፈልግም። ማንም ባይለኝ አንቺ ትዪኛለሽ።»

ከዚያ ወደ ፍጉ ተመለሰ። እኔ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ያ ሁሉ ቁጢጥ ማለት ለአባቴ ዛፍ ነበር፤ እኔ ደግሞ የሚያድኑለትን ትሎች በገዛ እጄ ፈጅቼበታለሁ። አፌ ላይ መጣ፣ ልናገረው፤ አልወጣልኝም።

እህቱ እርጥበቱ እንዳይሄድ ብላ ባልዲውን አፉ ላይ ትኩስ የጎመን ቅጠል ደራርባ በነጭ ጨርቅ አሰረችው። በእኛ አገር እንዲህ ታስሮ ከሳጉሬ የሚወጣ ነገር ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ሚኒባስ ውስጥ ባልዲውን ጭኔ ላይ አድርጌ ገና ከመቀመጤ፣ አጠገቤ ያለችው ወፍራም ሴት ዓይኗን ጣለችበት።

«ዳዳ ነው የያዝሽው?» አለችኝ፤ ቅቤ ነው ወይ ማለቷ ነው። «ለጋ ነው?»

«አይደለም፣ እትዬ።»

«በሳል ነው?»

«ቅቤ አይደለም።»

ሴትዮዋ ፈገግ አለች። ላለመሸጥ የምደብቃት መሰላት። «አልወስድብሽም፣ ላሽትተው ብቻ» አለችና ጨርቁን ላላ አድርጋ ጣቷን ከጎመኑ ቅጠል ሥር ሰደደች፤ የቅቤ ገዢ ወጉ ነው። ጣቷ ሲወጣ ትል ተጠምጥሞበታል።

«ያ ረቢ!» ያለችው ጩኸት እስከ አሰላ ሳይሰማ አልቀረም። ባልዲው ከጭኔ ላይ ተገለበጠ፤ ፍጉም ትሉም ወለሉ ላይ ተበተነ። ሾፌሩ ዳር ያዘ። ረዳቱ በሩን ከፍቶ «ውረዱ! ይሄ መኪና የሰው ነው የትል?» እያለ ይጮሃል። ሴትዮዋ ጣቷን ከራሷ አርቃ እንደዘረጋች ወደ እኔ ዞረች።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ ሰውዬ ምንሽ ነው? ጤና አለው?»

መኪናው ሁሉ አየኝ። እሱ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ፣ በዚያ ጎማ ባጠቆረው እጁ፣ ትሎቹን አንድ በአንድ እያነሣ መዳፉ ላይ ያደርጋል። እንዳይጎዱ ነው ቀስ የሚለው።

«አባቴ ነው» አልኩ። «ጤና አለው። ዛፋችን ታሞ ነው።»

እጁ ቆመ፤ ለአንድ ትንፋሽ ያህል። ቀና አላለም። ከዚያ መልቀሙን ቀጠለ፤ እኔም አጠገቡ ተንበርክኬ ለቀምኩ። ትል በእጄ ስነካ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ቀዝቃዛ ነው፣ አይናከስም። ከኋላ ወንበር የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ገበሬ እግራቸውን አነሡልንና «ይሄ እኮ የመሬት ሀብት ነው፤ ሰብስቡ፣ ሰብስቡ» አሉ። ረዳቱ እሳቸውን አፍሮ በሩን ዘጋው። ሴትዮዋ ጣቷን እንደዘረጋች አሰላ ገባች።

ኮኩ በዚያው ዓመት አልዳነም። በቀጣዩ ዓመት ግን አፈሩ በጣት የሚገባ ሆነ፤ ዛፉም ሮዝ አበባ አበበ፣ ጥቂት ፍሬም ሞላለት። የመጀመሪያዋን ፍሬ ፀጉሯን በሸሚዙ ጠርጎ ለእኔ ሰጠኝ፤ እኔ እስክቀምስ እሱ አልበላም። አንቱታዬ መቼ እንደቀረ አላስታውስም። የባልዲው ሥራ ግን ከሳጉሬ ከተመለስንበት ቀን ጀምሮ የእኔ ሆነ።

እናቴ የበረኪናውን ነገር ሃያ ዓመት ሙሉ አልተወችለትም። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ይሄን ሰው ታውቁታላችሁ? ትሎቹን በበረኪና ያጠበ ነው» ትላለች፤ ቤቱ ይስቃል፣ የእሱም ትከሻ ይንቀጠቀጣል። እኔ ያን ጊዜ ውሃ ላምጣ ብዬ እወጣለሁ። ዘንድሮ እነግራቸዋለሁ እያልኩ ዓመቱ ያልፋል። ተማርኩ፣ ሥራ ያዝኩ፣ አገባሁ፤ ይህችን አንዲት ነገር መናገር አቃተኝ።

ባለፈው ክረምት አባቴ ሞተ። ጎሚስታው አባቴ።

ለቀስተኛው ሲሳሳ፣ እኔና እናቴ በረንዳው ላይ ቁጭ ብለን ለቀሩት ሰዎች ድንችና ሽንኩርት እንልጥ ነበር። አንዲት ጎረቤት ልታጽናናት ብላ «ያቺን የበረኪና ወሬ ስትነግሪን እንዴት እንስቅ ነበር» ስትላት እናቴ ፈገግ አለች፤ እኔ ግን ቢላዋውን አስቀመጥኩ። ጎረቤቷ ተነሥታ እስክትሄድ ጠበቅኩ።

«እማ፣ በረኪናውን የደፋሁት እኔ ነኝ» አልኳት። ከዚያ በኋላ የሚወጣኝ ልቅሶ ብቻ ነበር።

እናቴ መላጧን አላቆመችም።

«አውቃለሁ» አለች። «የዚያኑ ዕለት ማታ፣ አንቺ ከተኛሽ በኋላ ነግሮኛል።»

«ታዲያ ሃያ ዓመት ሙሉ በእሱ የሳቅሽው?»

«እሱ ነው ሳቂ ያለኝ። ‹ልጅቷ ያወቅን ከመሰላት በዚህ ቤት ቀና ብላ አትሄድም፤ በእኔ ሳቂ፣ ጥፋቱ የእኔ ይሁን› አለኝ። እኔም እየሳቅኩ ለመደብኝ። ደስ ይለው ነበር መሰለኝ።» በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «ከሳጉሬ የመጣችሁ ቀንማ ምሳም አልበላ። ‹አባቴ ነው አለቻቸው› እያለ ቤቱን ሲዞረው ዋለ።»

የጎረቤት ጋሪ ፈረስ ሲያንኮራፋ ይሰማል፤ ካፊያው በቆርቆሮው ላይ ጀምሯል። ልጣጩን በሳህን ሰብስቤ ወደ ጓሮ ልሄድ ስነሣ፣ ያን ባልዲ ስታይ አፍንጫዋን ትይዝ የነበረችው እናቴ ከኋላዬ ጠራችኝ።

«ሽንኩርቱን ለይተሽ አውጪው» አለች። «አይወዱም።»